‹‹ጥፋቱ የራሴ ነው›› ብለህ ፈርም አሉት

ጥያቄ፦



ባለቤቴ የ34 ዓመት ሰው ነው። ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቅ የድንጋይ ካባ ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ ሠርቷል። የፈንጂ ባለሙያው ረዳት ነበር፤ የተቦረቦረውን ጉድጓድ ይጠርጋል፣ ድማሚት ያቀብላል፣ አፈር ይደፍናል። የቀን ሠራተኛ ተብሎ በየ15 ቀኑ በጥሬ ገንዘብ ይከፈለው ነበር፤ በወር ሲደመር 9,000 ብር ገደማ ይሆናል። የፈረመው ውል የለም፤ ጡረታም አልተቆረጠለትም።

የዛሬ ሰባት ወር ከተቀበሩት አንዱ ሳይፈነዳ ቀረ። ፎርማኑ ‹‹ክሬሸሩ ድንጋይ እየጠበቀ ነው፣ ሂድና እየው›› ብሎ ላከው። ጎንበስ ብሎ ፊውዙን ሲነካ ፈነዳበት። ቀኝ ዓይኑ ጠፋ፤ ከግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተቆረጡ፤ ፊቱ ላይ የገባው ጠጠር እንደ ንቅሳት ቀርቷል። ጆሮው ይጮህበታል። ሌሊት ይባንናል።

ድርጅቱ የሆስፒታሉን ወጪ ችሏል፤ የሁለት ወር ደመወዝ ሰጥቶ ከዚያ አቆመ። ሰሞኑን አስጠርተው ‹‹60,000 ብር እንሰጥሃለን፣ ይህን ፈርም›› አሉት። ወረቀቱ ‹‹አደጋው የደረሰብኝ በራሴ የጥንቃቄ ጉድለት ነው፤ ከእንግዲህ በድርጅቱ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም›› ይላል። መነጽር አላደረግህም፣ ሰዓቱ ሳይደርስ ገባህ ይሉታል። እሱም ‹‹እውነታቸውን ነው፣ መጠበቅ ነበረብኝ›› እያለ ራሱን ይወቅሳል። ልጆች አሉን፤ ብድርም ገብተናል። ወንድሜም እዚያው ካባ ነው የሚሠራው፤ አደጋው ሲደርስ በቦታው ነበር። እሱ ደግሞ ድማሚት በነካ ቁጥር ራሱን ያመዋል። ባለቤቴ ይፈርም ወይስ አይፈርም?

እ. መ.

መልስ፦

እህቴ፣ አይፈርም። ብሩ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱ ሕጉ ጨርሶ ያልጠየቀውን ነገር እንዲያምን ስለሚያደርገው ነው። በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሳ ለማግኘት ጥፋት እንዳልሠራ ማስረዳት አይጠበቅበትም። አሁን በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 96 የሚለው፣ አሠሪው ጥፋት ቢኖርበትም ባይኖርበትም ሠራተኛው በሥራው ላይ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ ለደረሰበት ጉዳት ኃላፊ ነው። ባለቤትዎ ‹‹መጠበቅ ነበረብኝ›› ብሎ ራሱን መውቀሱ ከቅን ሰው የሚጠበቅ ነው፤ ሆኖም ቅንነቱ በወረቀት ላይ ሲሰፍር መብቱን ይበላበታል። አንድ ጊዜ ፊርማው ካረፈ ክርክሩ ከጠፋው ዓይን ይወጣና ‹‹ፈቅዶ ፈረመ፣ ተገዶ ፈረመ›› ወደሚል ንትርክ ይዞራል። ብዙ ቤተሰብ ጊዜና ጉልበቱን የጨረሰው በዚህ ላይ ነው።

እርግጥ ሕጉ አሠሪውን ነፃ የሚያወጣበት በር ትቷል፤ ድርጅቱም የያዘው ይህንኑ በር ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት አይካስም። አሠሪው በግልጽ ያወጣውን የደህንነት መመሪያ እያወቀ የጣሰ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ የገባ ሰውም እንዲሁ ይታያል። ‹‹መነጽር አላደረግህም፣ ሰዓት አልጠበቅህም›› የሚሉት ለዚህ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንየው። መነጽሩን ሰጥተውት ነበር? ሲረከብ የፈረመበት ሰነድ አለ? የመጠበቂያው ሰዓት ስንት እንደሆነ በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ ተለጥፎ ነበር ወይስ ማንም ነግሮት አያውቅም? ከሁሉ በላይ ደግሞ ‹‹ሂድና እየው›› ያለው ማን ነው? ፎርማኑ በካባው ውስጥ የአሠሪው አንደበት ነው። አሠሪው በአንደበቱ ያዘዘውን የፈጸመ ሰው መመሪያ ጣሰ ሊባል አይገባም።

ያልፈነዳ ጉድጓድ ስለሚባለው ነገር ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም የባለቤትዎ ሕሊና የሚያርፈው ይህን ሲረዳ ይመስለኛል። በእሳት የሚለኮስ ፊውዝ አንድ ሜትሩ በግምት ሁለት ደቂቃ ያህል ይነዳል። እርጥበት ከገባው፣ ከታጠፈ፣ ድንጋይ ከተጫነው ወይም ካረጀ ግን እሳቱ ውስጥ ለውስጥ እያዘገመ ይቆያል። ከላይ ሲያዩት ጭስ እንኳን ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ በዓለም ላይ በሥርዓት የሚሠሩ ካባዎች የያዙት ደንብ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፦ ፍንዳታው በጆሮ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ከጎደለ ወይም ካጠራጠረ በፊውዝ የተለኮሰ ከሆነ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ በኤሌክትሪክ ዴቶኔተር ከሆነ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማንም አይጠጋም። ከዚያ በኋላም የሚገባው ፈቃድና ሥልጠና ያለው የፈንጂ ባለሙያ ብቻውን ነው። ፊውዝ አይጎተትም፤ የተደፈነው አፈር በብረት አይጫርም፤ በአሮጌው ጉድጓድ ቂጥ ላይ ዳግመኛ አይቦረቦርም። ረዳት፣ ያውም የቀን ሠራተኛ፣ ለዚህ ሥራ አይላክም። ባለቤትዎ ‹‹መጠበቅ ነበረብኝ›› ሲል፣ የእሱ ድርሻ ያልሆነ ሥራ እንደተሰጠው እየዘነጋ ነው።

ይህ ነገር ሌላም ፋይዳ አለው። የአንቀጽ 96 ካሳ ጥፋት ሳይጠየቅ የሚከፈል ነው ብያለሁ፤ ያው አንቀጽ ግን ጉዳቱ በአሠሪው ጥፋት የመጣ ከሆነ ሠራተኛው በሌላው ሕግ ተጨማሪ ካሳ የመጠየቅ መብቱ እንደተጠበቀ ነው ይላል። ሥልጠና የሌለውን ረዳት ክሬሸሩ እንዳይቆም ብሎ ወዳልፈነዳ ጉድጓድ መላክ ጥፋት ካልሆነ፣ ጥፋት የሚባል ነገር የለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳን በቁጥር 2069 ፈንጂን በስሙ ጠርቶ፣ ፈንጂ በማከማቸት ወይም በመጠቀም ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው ያ አደጋ ሲደርስ ኃላፊ ነው ይላል። ይህ በተለይ የሚጠቅመው ቤታቸው የተሰነጠቀባቸውንና ከብታቸው የተመታባቸውን የካባ ጎረቤቶች ነው። ለእናንተ ግን ዋናው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ነው፤ ተጨማሪውን ጥያቄ ጠበቃ አይቶት ይወስን።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ወረቀትና እስክርቢቶ ይያዙልኝ።

ሠራተኛው በጉዳቱ ምክንያት ሥራ ላይ ባልቆመበት ጊዜ፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስ በየጊዜው የሚከፈለው ገንዘብ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሩት ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ነው። በ9,000 ብር ስናሰላው የመጀመሪያው ሦስት ወር 27,000፣ ሁለተኛው ሦስት ወር 20,250፣ ሰባተኛው ወር ብቻውን 4,500፤ በድምሩ 51,750 ብር ይሆናል። እስካሁን የሰጡት የሁለት ወር 18,000 ብር ነው። ስለዚህ ስለ ዓይኑም ስለ ጣቶቹም አንድ ቃል ሳይነሳ፣ ድርጅቱ ዛሬ ብቻ 33,750 ብር ያልተከፈለ ውዝፍ አለበት። ‹‹ካሳ›› ብለው ካቀረቡት 60,000 ብር ላይ ይህን ቢቀንሱ የሚተርፈው 26,250 ብር ነው። ለአንድ ዓይን፣ ለሁለት ጣት፣ ለሚጮህ ጆሮና ዕድሜ ልክ ለሚቀር የፊት ጠባሳ የቀረበው ዋጋ ይህ ነው። ይህን ስጽፍ እጅግ አዝናለሁ፤ አንባቢም እንዲያዝን እፈልጋለሁ።

የዘላቂ ጉዳቱ ካሳ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ወሳኙ ጥያቄ ጡረታ ይቆረጥለት ነበር ወይ የሚለው ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሥርዓት የታቀፈ ሠራተኛ፣ ከደመወዙ 7 በመቶ እሱ፣ 11 በመቶ አሠሪው የሚያዋጡለት፣ በሥራ ላይ ለሚደርስበት ዘላቂ ጉዳት የሚጠይቀው ከጡረታው ነው። እርስዎ እንደጻፉልኝ ባለቤትዎ ያልታቀፈ ከሆነ ግን ዕዳው በቀጥታ በአሠሪው ትከሻ ላይ ይወድቃል። አዋጁ ለሥራ ሙሉ በሙሉ የማያበቃ ዘላቂ ጉዳት ሲሆን የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ፣ ከዚያ በታች ሲሆን ደግሞ ከዚሁ ላይ እንደ ጉዳቱ መጠን ተሰልቶ ባንድ ጊዜ እንዲከፈለው ያዛል። 9,000 ብር በወር ማለት በዓመት 108,000፣ አምስት እጥፉ 540,000 ብር ነው። ለስሌት ያህል የሐኪሞች ቦርድ ጉዳቱን 45 በመቶ ነው ቢል ካሳው 243,000 ብር ይደርሳል። መቶኛውን የሚቆርጠው ቦርዱ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ድርጅቱም አይደለም። የፊቱም ነገር አይረሳ፦ ሥራ ከመሥራት ባያግድም እንኳ ከባድ የአካል ወይም የመልክ መበላሸት ያስከተለ ጉዳት ለካሳ ሲባል እንደ ዘላቂ ከፊል ጉዳት ይቆጠራል።

ሕክምናውም ገና አላለቀም። አሠሪው የሚችለው የመጀመሪያውን የሆስፒታል ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ጠቅላላና ልዩ ሕክምና፣ ቀዶ ጥገና፣ መድኃኒት፣ አስፈላጊ ሰው ሠራሽ አካል ሁሉ የእሱ ወጪ ነው። ይህ የሚቆመውም በሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ ያስቸኮለኝ ሌላ ጉዳይ ስላለ እባክዎ ይህን አንቀጽ ለባለቤትዎ ጮክ ብለው ያንብቡለት። አንዱ ዓይን በስለት ወይም በስብርባሪ ተወግቶ ሲጠፋ፣ ጤነኛው ዓይን ከሳምንታት ወይም ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ በራሱ ሊቆጣ ይችላል። ሰውነት የተጎዳውን ዓይን ሲዋጋ ደህነኛውንም እንደ ባዕድ ስለሚቆጥረው ነው። በብዛት የሚያጋጥም አይደለም፤ ካጋጠመ ግን ሁለቱንም ዓይን ያሳጣል። ቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይያዛል። ግራ ዓይኑ ቢቀላ፣ ብርሃን ቢወጋው፣ ቢያነባ፣ ቢደበዝዝበት ‹‹አቧራ ገብቶ ነው›› ሳይባል በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ይየው፤ አዲስ አበባ ከመጣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። ምልክት ባይኖርም በየጊዜው ይታይ።

ጆሮውም እንደዚሁ ነው። ፍንዳታ የጆሮ ታምቡር ይቀድዳል፤ ትንሽ ቀዳዳ ውኃ ካልገባው በሳምንታት ውስጥ በራሱ ሊጠግግ ይችላል። በውስጠኛው ጆሮ ያለው ጉዳት ግን አይመለስም፤ ጩኸቱ ከሰባት ወር በኋላም ካለ የመስማት ምርመራ ተደርጎ ውጤቱ በወረቀት መያዝ አለበት። ቦርድ ፊት የሚቀርብ ሰው ዓይኑና እጁ ስለሚታይ ጆሮው ይረሳል። ስም ሲጠሩት ካልሰማ፣ ደጋግሞ ‹‹ምን አልሽ?›› ካለ፣ ይህን እርስዎ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ እሱ አይናገርም።

ሌሊት መባነኑን በተመለከተ፣ እንዲህ ካለ አደጋ የተረፈ ሰው በር ሲላተም መደንገጡ፣ ያው ሕልም መመላለሱ፣ ከሰው መሸሹ የታወቀ ሕመም ነው፤ ስንፍናም ክፉ መንፈስም አይደለም። ጠበል ከወሰዱት ይውሰዱት፤ የአእምሮ ሐኪምም ይየው። በአካባቢያችሁ ሪፈራል ሆስፒታል ካልተገኘ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። የዚህም የሕክምና ማስረጃ ከፋይሉ ጋር ይያያዝ።

ጉዳቱ እየባሰ ከሄደ ወይም ቀድሞ በስህተት ከተገመተ የቦርድ ውሳኔ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ‹‹ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለኝም›› የሚለው ሐረግ የሚዘጋው ይህንንም ነው።

ስለ ማስረጃ። ‹‹ውል የለህም፣ የቀን ሠራተኛ ነህ›› ቢሉ አትደንግጡ። የሥራ ውል በጽሑፍ አለመደረጉ የሠራተኛውን መብት አያስቀረውም፤ ውል ካልተጻፈ የሥራ ውሉ ከተደረገበት ቀን አንስቶ በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነበር። ሁለት ዓመት በካባው መሥራቱን አብረውት የሠሩ ሰዎች፣ ስሙ ያለበት የክፍያ ሊስት፣ የሥራ ቦታ ፎቶግራፍ ያስረዳሉ። የሆስፒታል ካርዱን በተለይ ‹‹የጉዳቱ ምክንያት›› የሚለውን ቦታ ይመልከቱ፤ ‹‹በሥራ ላይ በፈንጂ›› ይላል ወይስ ዝም ብሎ ‹‹አደጋ››? ፖሊስ መጥቶ ከነበረ ሪፖርቱን ይጠይቁ። አሠሪው አደጋውን መዝግቦ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል የማሳወቅ ግዴታ ስላለበት፣ አሳውቆ እንደሆነ ወረዳው ላይ ይጠይቁ፤ ካላሳወቀ እሱም ራሱ ማስረጃ ነው። ሥርዓት ባለው ካባ ፈንጂና ዴቶኔተር ከመጋዘን የሚወጣው በቁጥር ተፈርሞበት ስለሆነ፣ በዚያ ቀን ስንት ወጥቶ ስንት እንደተተኮሰ የሚያሳይ መዝገብ መኖር አለበት። ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብላችሁ አመልክቱ። ድርጅቱ ‹‹የንዑስ ተቋራጭ ሠራተኛ ነው›› ሊል ስለሚችል ማን ይከፍለው እንደነበር ከአሁኑ አጣሩ።

ጊዜው አጭር ነው። ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ጥያቄ በጠቅላላው በአንድ ዓመት፣ የደመወዝና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ ደግሞ መከፈል ካለበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል፤ እናንተ ሰባተኛው ወር ላይ ናችሁ። ‹‹እናስብበታለን፣ ሥራ አስኪያጁ ከውጭ ሲመለስ›› እየተባለ አምስት ወር እንደ ቀልድ ያልፋል። በቃል የሚደረግ ድርድር ይርጋውን አያቆመውም። የሚያቆመው ሥልጣን ላለው አካል የቀረበ አቤቱታ ወይም አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ያመነበት ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ድሮ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ እንለው ወደነበረው የወረዳው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አቤት በሉ፤ ተቀባዩ ቀን ጽፎ ይፈርምበት። ካልተስማማችሁ የሥራ ክርክር ችሎት ትሄዳላችሁ፤ ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክስ የዳኝነት አይከፈልም። ድርጅቱ እየተደራደረ ውዝፉን ልክፈል ካለ ይቀበሉ፤ ደረሰኙ ግን ‹‹የሰባት ወር ክፍያ›› ይበል እንጂ ‹‹የመጨረሻ ካሳ›› አይበል።

ባለቤትዎ ወደ ሥራ መመለስ ይፈልግ እንደሆነ አልጻፉልኝም። ከፈለገ፣ ከፈንጂና ከክሬሸር የራቀ፣ አንድ ዓይን ያለው ሰው የሚችለው ሥራ መጠየቅ ይችላል፤ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ተስማሚ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል።

ወደ ወንድምዎ ልምጣ። ራስ ምታቱ ከድካም ነው ብላችሁ አትለፉት። አሮጌው ዓይነት ድማሚት ናይትሮግሊሰሪን አለበት፤ ይህ ንጥረ ነገር በባዶ እጅ ሲነካ በቆዳ ይገባና የደም ሥሮችን ያሰፋል። ራስ የሚፈልጥ ሕመም የሚመጣው ከዚያ ነው። ሰውነት በጥቂት ቀን ውስጥ ይለምደዋል፤ ሁለት ቀን ካረፈ ልማዱን ይረሳና ሰኞ ሕመሙ እንደ አዲስ ይነሳል። በፈንጂ ፋብሪካዎች ውስጥ ከዕረፍት በኋላ በሰኞ ጠዋት ደረቱን ይዞ የወደቀ ሠራተኛ እንደነበረ የሕክምና ታሪክ መዝግቧል። ስለዚህ ደረቱን ካመመው ሳይውል ሳያድር ይታከም፤ ለሐኪሙም ‹‹ድማሚት እነካለሁ›› ብሎ ይንገር፣ ካልነገረው ሐኪሙ ሊገምት አይችልም። ጓንት የመስጠት ግዴታ የአሠሪው ነው። አደገኛ ሥራ ላይ የተመደበን ሠራተኛ በራሱ ወጪ የማስመርመርም እንዲሁ። ሌላ አንድ ነገር፦ ከፍንዳታ በኋላ ብርቱካንማ ወይም ቡናማ ጭስ ካየ አይግባበት። ያ ጋዝ ሲተነፍሱት ጉሮሮን ጥቂት ብቻ ያሳክክና ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ከሰዓታት ቆይቶ ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ይችላል።

ወንድምዎ በቦታው ስለነበረ ዋናው ምስክራችሁ እሱ ነው። ‹‹ብመሰክር ያባርሩኛል›› ብሎ እንደሚፈራ እገምታለሁ፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ነገር ግን በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ወይም በፍርድ ቤት ክርክር ተካፋይ መሆን ሠራተኛን ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በአንቀጽ 26 በግልጽ ደንግጓል። ለጊዜው ለማንም መናገር የለበትም። ፎርማኑ ያለውን ቃል እንደ ወረደ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከመጨረሻው ፍንዳታ በኋላ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ፣ በአካባቢው ሌላ ማን እንደነበረ ዛሬውኑ በደብተር ይጻፈውና ለእርስዎ ይስጥዎ።